ከካናዳ የመጣው ጨሌ

አቦቦ ውስጥ አሁን ወፍጮ ሞልቷል። በመብራት የሚሠራው ድምፁም አይሰማ፤ በቆሎ አግብተህ ዱቄት ታወጣለህ፣ በቃ። እኔ አንዱንም አልወደው። ጆሮዬ የሚያውቀው የአጅዋንግን ወፍጮ ነው፤ ያንን በናፍጣ የሚሠራውን፣ ጠዋት ሲነሳ እንደ ሽማግሌ አስሎ አስሎ የሚጀምረውን። ጋምቤላ ገና ክልል አሥራ ሁለት ትባል በነበረበት ዘመን ያ ሳል ሲሰማ “አጅዋንግ ገብታለች” እንባባልና በቆሏችንን ተሸክመን እንወጣ ነበር። ያ ጊዜ ሲናፍቀኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው፤ ትኩስ ዱቄትና ናፍጣ አንድ ላይ። ባሌ ደሞዝ “ናፍጣ የሚሸታት ሴት ካንቺ በቀር አላየሁም” ይለኛል። ይበል። እሱም ቢሆን ያን ሞተር ሲያስታውስ ዓይኑ እንባ እንደሚያቀርር አይቻለሁ።

እኔ አበዛሽ ነኝ። ወሎ ተወልጄ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በመንግሥት መኪና መጥቼ አቦቦ የተራገፍኩ። መራገፍ የምለው አውቄ ነው፤ እንደ ጆንያ ነው ያወረዱን። ስም ያልወጣለት፣ ቁጥር ብቻ የተሰጠው መንደር አስገብተው “ቤታችሁ ይኸው፣ እርሻችሁ ይኸው” አሉን። ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር፣ እኔ ከሁሉም ጋር ተጣላሁ። ደሞዝ ዝምተኛ ስለሆነ ለሁለታችንም የምጣላው እኔ ነበርኩ።

አጅዋንግን ያገኘኋት ውኃ ልቀዳ ወርጄ ወባ አንቀጥቅጦ በጣለኝ ቀን ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለች የአኙዋ ሴት መጣች፤ ምንም ሳትለኝ ጀሪካኔን ሞልታ ራሷ ላይ አደረገች፣ እኔን በክንዴ ደግፋ እቤቴ አደረሰችኝ። በማግስቱ የተጠበሰ አሣ ይዛ መጣች። አማርኛዋ ያን ጊዜ ገና ነበር፤ “አበዛሽ፣ አንተ ብላ” አለችኝ። “አንተ የሚባለው ደሞዝ ነው፣ እኔ አንቺ ነኝ” ስላት ሳቀች። በአኙዋኛ ላመሰግናት ብሞክር ደግሞ የባሰ ሳቀች፤ ምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ደርግ ሲወድቅ ያ ክፉ ሰሞን መጣ። ማን ማንን እንደሚያጠቃ አይታወቅም፤ ሠፋሪው ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ደጋ ይሸሻል። አጅዋንግ እኔንና ደሞዝን ጎተራዋ ኋላ ደብቃ፣ ከራሷ ቀንሳ እያበላች አቆየችን። ነገሩ ሲበርድ ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ወሎ ገብተው ነበር። ደሞዝ “እኛስ አንሄድም?” ሲለኝ “የት? ያቆየችን ሴት እዚህ አይደለች ወይ” አልኩት። ቀረን።

ያን ጊዜ እንግዲህ አቦቦ ወፍጮ የለም። ገና ሳይነጋ የሙቀጫው ድምፅ ከየግቢው ይጀምራል፤ እዚህ ዱም ሲል እዚያ ዱም ይላል። ዛሬ ሳስበው ያምራል፤ ያን ጊዜ ግን ክንድ የሚጨርስ ሥራ ነበር። ሴቱ የሚበላውን ዱቄት ለማድረስ ግማሽ ቀኑን ሙቀጫ ላይ ያጠፋል። ሴት ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ወቅጠው ሲጨርሱ ነው፤ ሲጨርሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። አንድ ቀን የአጅዋንግን እጅ ይዤ መዳፏን ገለጥኩት። ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የዘነዘናው እንጨት ራሱ ከሷ መዳፍ ይለሰልስ ነበር።

ባሏ ኦፒው ይባላል። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ ለውሻው እንኳ ደግ ነበር። ለአጅዋንግ ግን እጁ ፈጣን ነው። ልጅ አልወለደችለትም፤ እሱን እያሰበ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ይመታታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጩኸት ስሰማ አላስቻለኝም፣ ዘነዘናዬን አንስቼ ሄድኩ። ደሞዝ ከኋላዬ “አበዛሽ፣ ተይ፣ አበዛሽ” እያለ ይከተለኛል። አጅዋንግ በሩ ላይ ቆማ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ በሁለት እጇ አገደችኝ። “ተመለስ” አለችኝ። ዘነዘናዬን ይዤ፣ እየተሳደብኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ “ለምን ጥለሽው አትሄጂም? እኔ ቤት ነይ” ብላት ራሷን ነቀነቀች። “ዲሙይ አለ” አለች።

ዲሙይ ሰማያዊ የጥንት ጨሌ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፣ ዛሬ የሚሠራውም የለም። አኙዋ ዘንድ ሚስት የሚገባው በሱ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር የባሏ ወገን ዲሙይ ይሰጣል፤ ያ ዲሙይ ለወንድሟ ይቀመጥና ወንድምየው ደግሞ በሱ ያገባል። የዚያችኛዋ ወንድምም በዚያው ያገባል። እንዲህ እያለ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ይኖራል። ሴቲቱ ትዳሯን ከፈታች ግን የመጣው ሁሉ ለባሏ ይመለሳል።

“እኔ ከወጣሁ ኦጆት በምን ያገባል?” አለችኝ።

ኦጆት ወንድሟ ነው፣ ያላት አንድ ወንድም። ደርግ ለውትድርና ሲያፍስ ገና ጢም ሳያበቅል ወደ ሱዳን ሸሸ። ከሱዳን ግብፅ፣ ከግብፅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ካናዳ አስገቡት። ከብት አርዶ በሚያሽግ ፋብሪካ ይሠራል። የአጅዋንግ ዲሙይ አጎቷ ቤት፣ ቅል ውስጥ ተቀምጦ ኦጆትን ይጠብቃል። ኦፒው በየጊዜው “ወይ ጨሌዬን መልሱልኝ፣ ወይ ሴቲቱ የኔ ናት፣ የፈለግሁትን አደርጋለሁ” ይላል። ጨሌው ከተመለሰ ኦጆት አገር ቤት መጥቶ ሚስት ማግባት የለም፤ ካልተመለሰ አጅዋንግ ከዚያ ቤት መውጣት የለም። “እሱ መጥቶ ያግባ፤ እኔ እችላለሁ” አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ኦጆት ድምፁን በካሴት ቀድቶ ነበር የሚልከው። ከውጭ የሚመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋምቤላ ያደርሱታል፣ ከዚያ በመኪና አቦቦ ይገባል። ካሴት የመጣ ቀን ግቢው ይሞላል። እኔም አኙዋኛ ሳላውቅ ከሁሉ ፊት እቀመጣለሁ። መሀል ላይ “አበዛሽ” ሲል እሰማና “ምን አለ? ምን አለ?” እያልኩ አስቆማቸዋለሁ። አጅዋንግ “ሰላም ነው ያለህ፣ ዝም በል” ትለኛለች።

አንድ ጊዜ ካሴቱ ላይ “እህቴ፣ ሥራዬ አሁን ደህና ነው፣ ምን ልላክልሽ?” አለ። የሰው ምክር ዘነበ። አንዱ ብር ይላክ ይላል፣ አንዱ ልብስ። ጎረቤቷ አንዷ ብርድ ልብስ ስትል “በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ለምን? ለበቆሎው ልታለብሺው ነው?” አልኳት። አጅዋንግ ግን መቅጃውን ስታስጀምር መዳፏን ዘርግታ ወደ ማሽኑ አስጠጋችው፤ ካናዳ ሆኖ የሚያየው ይመስል። ከዚያ ብዙ ተናገረች። ከዚያ ሁሉ የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ ወፍጮ።

ላከላት። እሱና እዚያ አብረውት የሚሠሩ የአገሩ ልጆች አዋጥተው፣ አዲስ አበባ በዘመድ አስገዝተው፣ በጭነት መኪና ላኩት። የጎሬን ቁልቁለት ወርዶ፣ ጭቃ ውስጥ ከርሞ፣ አንድ ቀን አቦቦ ደረሰ። ሰው ሁሉ ከቦ ያየዋል፣ የሚነካው ግን የለም። የኔው ዝምተኛ ነው ብድግ ያለው። ለካ ልጅ ሆኖ ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ኖሯል፤ አንድ ቤት ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም። ያን ሰሞን ደሞዝ ተናገረ። ድንጋዩ እንዴት እንደሚወቀር፣ ድንጋዩን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቺንጋ እንዴት እንደሚወጠር፣ ለአጅዋንግ ሲያስረዳ ይውላል። “ለኔ ይህን ያህል አውርተህ ታውቃለህ?” ብለው “አንቺ ፋታ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?” አለኝ።

ባስነሱት የመጀመሪያ ቀን ቺንጋው ወልቆ ጮኸና አገሩ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ፊተኛዋ ሯጭ እኔ ነበርኩ። ተመልሰን ስንመጣ አጅዋንግ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ቺንጋውን ከደሞዝ ጋር እየመለሰች ነው። ከሰዓት በኋላ ዱቄቱ መውረድ ጀመረ። እጇን ሰድዳ አፈሰችና በጣቶቿ መሀል አሸችው። አሮጊቶቹ “ማሽን የፈጨው ምን ቃና አለው” ብለው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ከሁሉ በፊት የሚሰለፉት እነሱ ሆኑ። መጀመሪያ እኛ ሠፋሪዎቹ በአንድ ወገን፣ አኙዋዎቹ በሌላ ወገን ነበር የምንቆመው። ደግሞ ፀሐዩ መጣና ጥላው አንድ ብቻ ስለሆነ ተቀላቀልን። ከዚያ ወዲያ ማን ከማን እንደሆነ ማንም አላስተዋለም። ለመፈጨት የሚከፈለው ያው በቆሎ ነው፣ በጣሳ ተሰፍሮ። አጅዋንግ ያንን ሸጣ ናፍጣ ትገዛለች፣ የተረፈውን ለመለዋወጫ ታስቀምጣለች።

ደስታችን ግን አልቆየም። ኦፒው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ መዋል ጀመረ። “የሚስቴ ነገር የኔ ነው” አለ። የናፍጣውን ገንዘብ ወስዶ ይጠጣበታል፤ ሞተሩ በናፍጣ እጦት ሲቆም ሙቀጫው እንደገና ይጀምራል። ኋላማ ጭራሽ ለጋምቤላ ነጋዴ ሞተሩን ሊሸጥ ተነጋግሯል የሚል ወሬ መጣ። አጅዋንግ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ቺንጋውን ፈትታ እቤቴ አመጣችና አልጋዬ ሥር አስገባችው። “ያለሱ አይሠራም፣ አይሸጥም” አለችኝ። በዚያ ምክንያት ተመታች። የባሰው ግን እሱ አልነበረም፤ ወፍጮውም እሷም አንድ ሰው እጅ ውስጥ መሆናቸው ነበር።

ወንድሟ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። በካሴቱ “ደህና ነኝ፣ ሁሉ ደህና ነው” ትለዋለች። እኔ ግን አልቻልኩም። ቀጣዩን ካሴት እየቀዳች ሳለ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ጠብቄ መቅጃውን ያዝኩት። “ኦጆት፣ አማርኛ ተምረሃል አሉ፣ እንግዲህ ስማኝ። እህትህ ስላንተ ጨሌ ስትል ትደበደባለች። የላክኸው ወፍጮ ሊሸጥ ነው። ደህና ነኝ ያለችህ ውሸቷን ነው። ብትችል አንድ ነገር አድርግ፣ ካልቻልክ ደግሞ እኔ ዘነዘና አለኝ።” ይህን ብዬ ዘጋሁት። ስትሰማው ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሳትሰማው ላከችው።

መልሱ ሲመጣ ካሴት ብቻ አልነበረም። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ አንድ ሰው ከባድ ከረጢት ይዞ መጣ። ከረጢቱ ሲፈታ ሰማያዊ ጨሌ ነው፣ አንድ ሙሉ ከረጢት። ካሴቱ ላይ ኦጆት ደስ ብሎት ይናገራል፤ እዚያ አገር ጨሌ የሚሸጥበት ሱቅ አገኘሁ፣ ቅርፁም ቀለሙም ያው ነው፣ ለኦፒው ከሰጠው በላይ ስጡትና እህቴን ነፃ አውጧት፣ የኔም ቅሉ ውስጥ ይቆይልኝ ይላል፤ የእህቱን ነገር ማን እንደነገረው ግን አልተናገረም። አጅዋንግ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ከረጢቱን በሁለት እጇ አቀፈችው። እኔ እንኳ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ሽማግሌዎች ነገር የሚታይበት ትልቁ ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ኦፒው መጣ። አጎቷ፣ ቅሉን የሚጠብቀው ሽማግሌ፣ ከከረጢቱ አንዷን አንስቶ በጣቶቹ መሀል አሽከረከራት፤ በጥርሱ ነካት፤ ለፀሐይ አሳያት። ከዚያ ቀስ ብሎ መለሳትና በአኙዋኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሁሉም አቀረቀሩ። አጅዋንግን “ምን አለ?” ብዬ ጎነጥኳት።

“‘ይኼ ማንን አግብቷል?’ ነው የሚለው” አለችኝ።

እኔ ተናደድኩ። “ሰማያዊ አይደለም ወይ? ጨሌ አይደለም ወይ? ከዚያኛው ይልቅ ያበራ የለም ወይ?” ብዬ ሽማግሌ መሀል ገባሁ። አጎትየው አልተቆጣኝም። በአጅዋንግ አስተርጓሚነት ጠየቀኝ፤ “አንቺስ ደሞዝን የሚመስል፣ እንደሱ ዝም የሚል ሌላ ሰው ብናመጣልሽ ትለውጪዋለሽ?” “እንደ ቀኑ ነው” አልኩት። ከኦፒው በቀር ሁሉም ሳቀ። ነገሩ ግን ገባኝ። ዲሙይ ዋጋው መልኩ አይደለም፤ ያለፈበት ቤት ነው። ሽማግሌው እያንዳንዷን በየትኛው ጋብቻ እንደሄደች፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈች ያውቃል። ከካናዳ የመጣው ማንንም አያውቅም፣ እሱንም የሚያውቀው የለም። ኦጆት ከአገሩ ሲወጣ ጨሌውን አይቷል፤ ይህን የሚማርበት ዕድሜ ግን አልደረሰም ነበር። ኦፒው ተነስቶ ከረጢቱን በእግሩ ገፋ አደረገና ሄደ። ጨሌው አፈሩ ላይ ተዘራ። እኔና እሷ ተንበርክከን ለቀምነው፤ አንዲትም አላስቀረች።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ኦጆት ራሱ መጣ።

ልቀበለው ከሷ ጋር ጋምቤላ ሄጄ ነበር። ከአውሮፕላኑ ወፍራም ጃኬት በክንዱ ይዞ፣ እንደሷ ረጅም የሆነ ሰው ወረደ። እሷ የምታስታውሰው ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ቆማ ስታየው ቆየች። እሱ ግን ሲያያት መጀመሪያ ያደረገው መዳፏን ገልጦ ማየት ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ “አንቺ ነሽ ባለዘነዘናዋ?” አለኝ። ኧረ እኔ አፈርኩ። አጅዋንግ “ምን ዘነዘና?” አለች። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት፤ እስከ አቦቦ ድረስ አኩርፋኝ ሄደች።

እንደገና ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ኦጆት ስለ ከረጢቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ “አላወቅሁም” አለ። ከዚያ አጎቱን ቅሉን እንዲያመጣ ለመነው። ሽማግሌው አልተነሳም። “ይህ ከሄደ ሌላ የለንም። አንተ እዚህ አገር ሚስት አይኖርህም። ልጅ ብትወልድ ማን ብለን እንቆጥረዋለን?” አለው። ኦጆት ብዙ አልተናገረም። “እዚያ ከብት ሳርድ የምውለው እኮ ለሷ ነው። ሚስት ባይኖረኝ እህት አለችኝ” አለ። አጅዋንግ “አይሆንም” ብላ ተነሳች። እኔ ሳውቃት በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ያን ቀን ብቻ ነው። ወንድሟ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

ቅሉ መጣ። ሽማግሌው ዲሙዩን አንድ በአንድ እያወጣ፣ በየጋብቻው እየጠራ፣ ቁርበቱ ላይ ደረደረው። መሀል ላይ ጫፏ የተሰበረች አንዲት መጣች፤ አጅዋንግ ተድራ ዲሙዩ በመጣ ቀን ኦጆት ሕፃን ሆኖ አፉ ውስጥ ከቶ በጥርሱ የሰበራት ናት። በሷ የተነሳ ያኔ እናቱ ገርፋው ነበር አሉ። ሽማግሌው እሷን ሲይዝ ወንድምና እህት ተያዩ። ከዚያ ስባሪዋም ከሌሎቹ ጋር ተቀመጠች። ኦፒው ሰብስቦ ወሰደ። ሙሉውን ስለተረከበ በሷም በወፍጮውም ላይ ቃል የለውም ተባለ። አጅዋንግ ከዚያ ተነስታ ቀጥ ብላ እኔ ቤት መጣች፣ ከአልጋዬ ሥር ቺንጋውን ጎትታ አወጣች። ያን ቀን ሞተሩ እስኪመሽ አላቆመም። የሚፈጭ በቆሎ አልቆባት እንኳ ዝም ብላ ታስጮኸው ነበር። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ታለቅስ አታልቅስ በዱቄቱ ምክንያት አልለየሁም።

ኦጆት ወደ ፋብሪካው ተመለሰ።

ከዚያ የመጡት ዓመታት ናቸው የሚናፍቁኝ። ያ ከረጢት ሙሉ ጨሌ የትም አልተጣለም። ወፍጮ ቤት ሰው ሲበዛ ተራ የሚያጣላን ነገር ነበር፤ እኔ ራሴ ስንቴ ተጣልቻለሁ። አጅዋንግ ከካናዳው ጨሌ አንዳንድ እያደረገች በመጣንበት ተራ በክር ላይ ትሰካው ጀመር፤ የራሳችንን ለማወቅ እያንዳንዳችን ቅርፊት ወይም ቁራጭ ጨርቅ አስረንበታል። ጨሌሽ ጫፍ ሲደርስ ትገቢያለሽ። ሽማግሌው አንድ ቀን መጥቶ አይቶ “አሁን ይኼም ሥራ አገኘ” ብሎ ሳቀ። ሞተሩ ሲያረጅ ካናዳ አልተጠየቀም፤ ከወፍጮው በተጠራቀመው ሌላ ተገዛ፣ ሁለተኛ ድንጋይም ተጨመረ። ደሞዝ ሁለት የአኙዋ ሴቶች ድንጋይ መውቀር አስተማረ። ከሙቀጫ የተፈቱት ሴት ልጆች ማለዳ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በደጄ ያልፋሉ፤ ስለሚንጫጩ እሳደባለሁ፣ ካላለፉ ደግሞ ደስ አይለኝም።

አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በመኪና የመጡ ሰዎች ወፍጮ ቤቱን ዞረው አዩና “ይህን ያቋቋመው የትኛው ድርጅት ነው?” አሏት። “ወንድሜ” አለቻቸው። “ወንድምሽ የት ይሠራል?” “ከብት ያርዳል።” እኔ ከጎን ሆኜ “እሷም ተደብድባበታለች፣ እሱንም ጻፉት” አልኳቸው። ሰዎች ከአገር የወጣን ሰው እንደ ሞተ ወይም እንደ ጠፋ አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔም ከወሎ የወጣሁ ነኝና ነገሩ ይቆረቁረኛል። ኦጆት አልጠፋም ነበር። እሱ ያስፈጨን ዱቄት በየቀኑ በያንዳንዳችን ቤት ይበላ ነበር።

አጅዋንግ ግን አንድ ነገር ከሆዷ አልወጣም። ሥራ ስታቆም፣ ዱቄቱን ከፀጉሯ ስታራግፍ፣ “እኔ ወጣሁ፣ ኦጆት ቀረ” ትላለች። ወንዶች ሊያገቧት ቢጠይቁ “በቃኝ” ብላ መልሳለች። ዑጁሉ የሚባለውን ግን መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ። አልዌሮ ወንዝ ላይ አሣ የሚያጠምድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። በየሁለት ቀኑ በቆሎ ተሸክሞ ይመጣል። “ይህ ብቻውን የሚኖር ሰው ያን ሁሉ ዱቄት የት ያደርሰዋል?” አልኳት። “አላውቅም” አለችና ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ብዙ አሣ፣ ብዙ በቆሎ ካለፈ በኋላ እሺ አለችው።

ዑጁሉ ዲሙይ ያመጣ ቀን ማንጎው ሥር እኔም ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም “ሽማግሌ መሀል ገባች” አላለኝም። አጎቷ አርጅቶ ዓይኑ ደክሟል፤ በጣቱ ነው የሚያያቸው። አንድ በአንድ እየዳሰሰ መጣና አንዷ ላይ ቆመ። ደግሞ ዳሰሳት። “አጅዋንግ፣ ነይ” አለ። እሷ መጥታ ከእጁ ተቀበለችው። ጫፏ የተሰበረችው ናት።

ለካ ኦፒው በዚያ ዲሙይ ወደ ጎግ በኩል ሌላ አግብቷል፤ የዚያች ወንድም በዚያው የዑጁሉን ታናሽ እህት አገባ፤ ስለዚህ ለዑጁሉ ደረሰው። እሱም ይዞት አጅዋንግ ደጅ መጣ። ማንም አልመለሰውም፤ በራሱ መንገድ ዞሮ ነው የገባው። አጅዋንግ ስባሪዋን በመዳፏ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። መዳፏ ያን ጊዜ ለስልሶ ነበር።

በማግስቱ እኔና እሷ ጋምቤላ ቴሌ ሄድን። ብዙ ጠብቀን “ካናዳ” ብለው ጠሩን፣ ሁለታችንም አንዷ ሳጥን ውስጥ ተጣበን ገባን። በአኙዋኛ ጀመረች፤ አንድ በአንድ ነገረችው። እኔ ጆሮዬን ከጆሮዋ አጠገብ አድርጌያለሁ። እኔም እንድሰማ ይሁን ወይም ሌላ ሰው አጠገቡ ኖሮ፣ በአማርኛ ነው የጠየቃት።

“ስባሪዋም አለች?”

“አለች” አለችው። “ሁሉም ተመልሷል። የቀረኸው አንተ ነህ።”

መንገዱ ሲደርቅ ወፍጮውን ለደሞዝ ትተን፣ በጠዋቱ መኪና ልንቀበለው አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን።